የስቴም ማዕከላት በኢትዮጵያ

የስቴም ማዕከላት በአብዛኛው ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ከመደበኛው ትምህርት ውጭ ሳይንስን፣ ቴክኖሎጂን፣ ምህንድስናንና ሒሳብን በእጃቸው እየሠሩ የሚለማመዱባቸው ቤተ ሙከራዎች ናቸው። በኢትዮጵያ አብዛኞቹ የሚገኙት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ነው። ሥልጠናው ባመዛኙ በነፃ ይሰጣል። ውጤቱ በትምህርት ቤት ካርድ ላይ አይሰፍርም፣ በብሔራዊ ፈተናም ነጥብ አይጨምርም። ጥንካሬያቸውም ድክመታቸውም ከዚሁ ይመነጫል።

ጎበዝ ተማሪን ለይቶ የተሻለ ቤተ ሙከራ ዘንድ ማድረስ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በዘመነ ንጉሡ የበዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ተማሪዎችን ወደ ዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አምጥቶ ለከፍተኛ ትምህርት ያዘጋጅ ነበር። በኋላ የመጡት ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች፣ የመቀሌው ቃላሚኖ እና የወላይታ ሶዶው ሊቃ ትምህርት ቤት ለምሳሌ፣ የዚያው መንገድ ተከታዮች ናቸው። ለሌላው ተማሪ የነበረው የሳይንስ ክበብ ነው። ክበቡ ዕድል ከቀናው ትጉህ መምህር ያገኛል፤ መምህሩ ሲዛወር አብሮ ይከስማል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተተከለው የፕላዝማ ትምህርት ደግሞ ሙከራን በቴሌቪዥን መስኮት አሳየ። ተማሪው አሲድና ቤዝ ሲዋሐዱ አየ እንጂ አልቀላቀለም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ቤተ ሙከራ የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ክፍል አላቸው፤ ውስጡ ግን መጋዘን ወይም ተጨማሪ መማሪያ ክፍል ሆኖ ይገኛል።

ዛሬ ስቴም ማዕከል የሚባለው አሠራር የተጀመረው በቢሾፍቱ ነው። አሜሪካዊው በጎ አድራጊ ማርክ ጌልፋንድ እ.ኤ.አ. በ2009 በከተማዋ የፎካ ማዕከልን አቋቋሙ። ማዕከሉ የኮምፒውተርና የኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራ ይዞ ለአካባቢው ተማሪዎች በሩን ከፈተ። ከዚህ ልምድ የተነሣው ስቴምፓወር የተባለው ግብረ ሠናይ ድርጅት ለእያንዳንዱ ከተማ አዲስ ሕንፃ ልሥራ አላለም። ክፍል፣ መብራትና ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ቀድሞ ያለበትን ዩኒቨርሲቲ መረጠ። ዩኒቨርሲቲው ቦታውንና የሰው ኃይሉን ያቀርባል፤ ድርጅቱ መሣሪያውን፣ የሥልጠና ሰነዱንና የአሠልጣኞችን ሥልጠና ይሰጣል። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ መንገድ ማዕከል ከከፈቱት መካከል ናቸው። አሠራሩ በኋላ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገራትም ተሻግሯል።

ስምምነቱ ብልህነት አለበት፣ ምክንያቱም የዩኒቨርሲቲና የትምህርት ቤት የጊዜ ሰሌዳ አንዱ የሌላውን ክፍተት ይሞላል። ክረምት ሲገባ የትምህርት ቤት ተማሪው ነፃ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም ከሌላው ጊዜ ቀለል ይለዋል። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ የማዕከላቱ ዋና ወቅት ሆኑ። በቀሩት ወራት ቅዳሜና እሑድ፣ አንዳንዴም በፈረቃ ከሚማሩ ተማሪዎች ጋር ተስማምተው ግማሽ ቀን ይሠራሉ። አሠልጣኞቹ የዩኒቨርሲቲው የቴክኒክ ረዳቶችና መምህራን ናቸው፤ መደበኛ ሥራቸው ሲበዛ መጀመሪያ የሚሰረዘው የቅዳሜው ፕሮግራም ነው።

በኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ትምህርቱ ከሬዚስተር ይጀምራል። ተማሪው የቀለም ቀለበቶቹን አንብቦ የሬዚስተሩን መጠን ይገምታል፤ ከዚያ በሙልቲሜትር፣ የጥገና ባለሙያዎች ቴስተር በሚሉት፣ ለክቶ ግምቱን ያረጋግጣል። የኦምን ሕግ በ9ኛ ወይም በ10ኛ ክፍል ሸምድዶት ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን ቮልቴጁን ከፍ ሲያደርግ አምፖሏ ስትደምቅ፣ ከመጠን ሲያልፍም ስትቃጠል ያያል። የተቃጠለች አምፖል ዋጋዋ ጥቂት ብር ነው፤ የምታስተምረው ግን ከገለጻ ይበልጣል። ቀጥሎ ሰርኪዩቱን በብሬድቦርድ ላይ ይሰካል፣ በኦሲሎስኮፕ ሞገድ ያያል፣ መበየድ ይለማመዳል፤ መጨረሻ ላይ አርዱዊኖን የመሰለ ትንሽ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ፕሮግራም ያደርጋል። በኮምፒውተሩ ክፍል ያለው ጉዞም ተመሳሳይ ነው፤ ማውዝ ከመያዝ ተነሥቶ ቀላል ፕሮግራም እስከ መጻፍ ይደርሳል። አንዳንድ ማዕከላት ባለ ሦስት አውታር ማተሚያ አክለዋል።

ሥልጠናው የሚቋጨው በፕሮጀክት ነው። የተሻሉት ሥራዎች በየማዕከሉ ተወዳድረው ወደ ብሔራዊ የሳይንስና ምህንድስና ዐውደ ርዕይ ያልፋሉ። ዐውደ ርዕዩን ደጋግሞ ያየ ሰው የሚያውቃቸው ነባር እንግዶች አሉ፦ መሰናክል ሲቃረብ የሚጮህ የዐይነ ስውራን ዘንግ፣ አፈሩ ሲደርቅ ራሱን የሚከፍት የመስኖ ቧንቧ፣ ጭስ ሲሸት ደወል የሚያሰማ ሣጥን። መደጋገማቸው ተማሪዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። በእጅ ያሉት ሴንሰሮች ርቀት፣ እርጥበትና ጋዝ የሚለኩ ጥቂት ርካሽ ዓይነቶች ናቸው፤ ሴንሰሩ ጥያቄውን ይመርጥላቸዋል። አዲስ ክፍል ለማዘዝ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሞተር ከሞተ ፕሪንተር፣ ድምፅ ማጉያ ከአሮጌ ሬዲዮ ይፈታል፤ የመርካቶው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ምናለሽ ተራም ከማንኛውም ዕቃ አቅራቢ ድርጅት ያላነሰ ባለውለታ ነው።

ማን ይገባል? ምርጫው ብዙ ጊዜ በትምህርት ውጤትና በመምህራን ጥቆማ ላይ የተመሠረተ ነው። ከዚህ በፊት ግን ማንም ያላወጀው ሌላ ምርጫ አለ፤ እሱም ርቀት ነው። ከዩኒቨርሲቲው በታክሲ ርቀት ላይ ያለ ልጅ ይመጣል። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኝ ወረዳ የምትማር ልጅ ግን የማዕከሉን ስም ሳትሰማ 12ኛ ክፍልን ልትጨርስ ትችላለች። ዩኒቨርሲቲዎች ክረምት ባዶ የሚሆን የተማሪ ማደሪያ ስላላቸው አዳሪ ፕሮግራም ማዘጋጀት በመርህ ደረጃ አያስቸግርም፤ የሚከብደው የምግብና የትራንስፖርት በጀት ነው። በሰሜኑ ጦርነት፣ በኋላም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ትምህርት ቤቶች ራሳቸው በተዘጉባቸው አካባቢዎች ደግሞ ስለ ተጨማሪ ሥልጠና ማውራት ቅንጦት ሆኗል።

ከማዕከላቱ ውጭ ረጅም ዕድሜ ያለው እንቅስቃሴ የሥነ ፈለክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በየከተማው ቅርንጫፎችን፣ በየትምህርት ቤቱም ክበባትን አቋቁሟል። የመሥራቾቹ ሐሳብ መጀመሪያ ላይ በብዙዎች ዘንድ እንደ ቀልድ ታይቶ ነበር። 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መቆጣጠሪያ ጣቢያም እዚያው ተራራ ላይ ነው። ለተማሪ ትልቁ ትምህርት ግን ያለ ክፍያ ከሰማይ መጣ፦ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የታየው ቀለበታማ የፀሐይ ግርዶሽ ላሊበላን አቋርጦ አለፈ። ወቅቱ የኮሮና ስለነበር ትምህርት ቤቶች ዝግ ነበሩ።

በአዲስ አበባ መስከረም 24 ቀን 2015 ዓ.ም. የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየም የትምህርት ቤት ጉብኝት መዳረሻ ሆኗል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በሳይበር ታለንት ማዕከሉ በየክረምቱ ተሰጥዖ ያላቸውን ወጣቶች አወዳድሮ ያሠለጥናል። አይኮግ ላብስም ኮዲንግንና ሮቦቲክስን ለልጆች የሚያስተምር ፕሮግራም አለው። በዚሁ ፕሮግራም ስሟ የሚነሣው የኮዲንግ ባለሙያዋ ቤተልሔም ደሴ ያደገችው ሐረር ሲሆን፣ ከኮምፒውተር ጋር የተዋወቀችው በሥልጠና ማዕከል ሳይሆን በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ፣ ለደንበኞች ስልክ ላይ ዘፈንና ቪዲዮ እየጫነች ነው። የስልክ ጥገና ሱቆች በየወረዳው አሉ፤ የትኛውም የስቴም ዕቅድ ግን እንደ መማሪያ ቦታ ሲቆጥራቸው አይታይም።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ የርቀትን ችግር በኢንተርኔት ለመዝለል የሚሞክር ነው። ኮርሶቹ በነፃ ይሰጣሉ፤ ዳታው ግን ነፃ አይደለም፣ ኮርሱን ለመከታተልም እንግሊዝኛ መቻል ያስፈልጋል። ማዕከላቱ በዚህ በኩል ይበልጣሉ። ሰነዱ እንግሊዝኛ ቢሆንም አሠልጣኙ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሲዳምኛ ያብራራል።

ሌላው ተፎካካሪያቸው ፈተናው ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከታወቀ ወዲህ፣ ወላጅ የልጁን ቅዳሜ ለማጠናከሪያ ትምህርት ቢሰጥ አይፈረድበትም። ማዕከላቱ 12ኛ ክፍሎችን ይዞ ማቆየት የሚቸግራቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብዙዎቹም ትኩረታቸውን ወደ ታችኞቹ ክፍሎች አድርገዋል።

የዐውደ ርዕይ ሥራዎች ወደ ገበያ ሲደርሱ እምብዛም አይታይም። ሕጉ ግን በር አልዘጋም፤ የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ፓተንት ለማግኘት የማይበቃ አነስተኛ ፈጠራ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፍኬት እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ሰርተፍኬቱ ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ ለተጨማሪ 5 ዓመትም ይታደሳል። ማመልከቻው የሚቀርበው ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።