ከቶራ መስክ እስከ ሰገሌ

በ1909 ዓ.ም. መስከረም 17 ቀን፣ በመስቀል ዕለት፣ የሸዋ መኳንንት በአዲስ አበባ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ከአልጋ አወረዱ። አቡነ ማቴዎስም ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ። ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ተባሉ፤ ተፈሪ መኰንንም የራስነት ማዕረግ አግኝተው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ኢያሱ በዚያ ቀን ሐረር ነበሩ።

ወሬው ደሴ እንደ ደረሰ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የክተት ነጋሪት አስመቱ። ሸዋ ወሎን ዐመፀኛ አለ፤ ወሎም ሸዋን እንዲሁ። ከሃያ ዓመት በፊት አድዋ ላይ ለአንድ ንጉሠ ነገሥት የተዋጉ ሰዎች አሁን ነፍጥ ተማዘዙ፤ የዚህ ዘመን ታሪክ ከሁሉ የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው።

በጥቅምትም ራስ ልዑልሰገድ ቶራ መስክ ላይ የወሎን ጦር ገጠሙ። ሠራዊታቸው ተፈታ፤ ራሱም ከጦራቸው ጋር ወደቁ። ድሉ የንጉሥ ሚካኤል ሆነ።

ነገር ግን ንጉሡ ከዚያ ድል ማግስት ወደ አዲስ አበባ አልገሠገሡም፤ ልጃቸውንና ረዳት ጦር ሲጠብቁ ቀናት አለፉ። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የወዳጅነት መልእክት እየላኩ አዘናጓቸው ተብሎም ይተረካል። የቶራ መስክን ድል ከንቱ ያደረገው ይህ የዕረፍት ጊዜ ይመስላል። የተሸነፈው ሸዋ ግን አላረፈም፤ በእነዚያ ቀናት ከየአውራጃው ጦሩን ሰበሰበ።

በዚያ ሰሞን የከተማው ጭንቀት ከእንጦጦ ግርጌ፣ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ድረስ ገብቶ ነበር። ዛሬ በአራት ኪሎና በመገናኛ መካከል ያለው የእንግሊዝ ኤምባሲ ያ ነው። ራስ ተፈሪ የጥቂት ወር ሕፃን ልጃቸውን አስፋ ወሰንን ለደኅንነቱ ወደዚያ ላኩት። በግቢው የሌጋሲዮኑ ኃላፊ የእንግሊዝ ሚኒስትር ልጅ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ይኖር ነበር። በ1902 ዓ.ም. እዚያው አዲስ አበባ የተወለደ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ነው።

ጥቅምት 17 ቀን ሁለቱ ጦሮች ሰገሌ ሜዳ ላይ ተገናኙ። ከአድዋ ወዲህ እንዲህ ያለ ደም በኢትዮጵያ ምድር አልፈሰሰም። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ፤ ኢያሱም ዘግይተው ደርሰው ሸሹ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ድል አድራጊው ሠራዊት በጃንሆይ ሜዳ በንግሥት ዘውዲቱ ፊት አለፈ። ንጉሥ ሚካኤልም በሰንሰለት ታስረው ታዩ። ትንሹ ቴሲጀር ቆሞ ይመለከት ነበር፤ ካደገ በኋላ እንደ ጻፈውም፣ ከፎካሪው መካከል በዕድሜ ከእርሱ ብዙም የማይበልጥ አንድ ልጅ፣ ሁለት ሰው ገድሏልና፣ ሰዎች ተሸክመውት አለፉ።