ከመለማመጃው ካይት ቀጥሎ የቱ? የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ ምን ይላል



ዛሬ የምጽፈው ስለ ካይት ነው። አትሳቁ! ልጆች ፌስታል ወጥረው በክር የሚያበሩትን ማለቴ አይደለም። ሰውን የሚጎትተውን፣ ሰው በሰሌዳ ላይ ቆሞ ወይም በሦስት ጎማ ጋሪ ተቀምጦ በነፋስ ጉልበት የሚሄድበትን ትልቁን ካይት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውጭ አገር የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ለእረፍት ሐረር ሲመጣ 3 ካሬ ሜትር የሆነች ባለሁለት ገመድ መለማመጃ ካይት ይዞ መጥቶ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ለሦስት ሳምንት ተለማመደባትና ለመዳት። አሁን ወደሚኖርበት የባሕር ጠረፍ ከተማ ተመልሷል። በቀደም እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ ትንሿ ሰለቸችኝ። 12 ካሬ ሜትር በቅናሽ አግኝቻለሁ፤ ልግዛ?»

በውስጥ መስመር «ቆይ፣ አትግዛ» አልኩት። ምክንያቱን ግን ሁላችሁም ብታነቡት ብዬ እዚህ አመጣሁት። ምክንያቱ ታሪክ ነውና።

ከእንግሊዝ እንጀምር። ብሪስቶል ከተማ ውስጥ ጆርጅ ፖኮክ የሚባል መምህር ነበር። አዎ፣ መምህር! እ.ኤ.አ. በ1826 «ቻርቮላንት» ያለውን፣ ያለ ፈረስ በካይት የሚጎተት ሠረገላ በፈጠራ መብት አስመዘገበ። በዚያን ጊዜ የመንገድ ቀረጥ የሚታሰበው በፈረስ ቁጥር ስለነበር ይህን ሠረገላ ምን እንደሚያስከፍሉት ቀራጮቹ ተቸግረው ነበር ይባላል። ለእኛ ጉዳይ ግን ቁም ነገሩ ገመዱ ላይ ነው። ፖኮክ ካይቱን በአንድ ገመድ አስሮ አልለቀቀውም፤ አራት ገመድ አደረገለት። የጎን ገመዶቹ ካይቱን ግራና ቀኝ ይመሩታል፤ ሌሎቹ ደግሞ ካይቱ ነፋሱን የሚቀበልበትን ማዕዘን ይለውጣሉ። ካይቱ ነፋሱን ፊት ለፊት ሲቀበል ይጎትታል፤ ሲተኛ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሠረገላን የሚያህል ነገር ለነፋስ ሲሰጥ ጉልበቱን መቀነሻ አብሮ ማሰቡ ነው ትልቁ ነገር።

ቀጥሎ አሜሪካ። የራይት ወንድማማቾችን ሁላችንም የምናውቃቸው በአውሮፕላን ነው። መነሻቸው ግን ካይት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1899 ዊልበር ራይት ክንፏ ከጫፍ ጫፍ 1.5 ሜትር የሆነች ካይት ሠርቶ በአራት ገመድና በሁለት ዱላ፣ አንዱን ዱላ በቀኝ እጁ ሌላውን በግራው ይዞ አበረራት። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክንፉን በመጠምዘዝ ካይቷን እንደ ልቡ ማዘንበል ይቻል እንደሆነ ማየት። ተቻለ።

ከዚያ ማደግ መጣ። በ1900 ክንፉ 5 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ሰው የሚሸከም ሞተር አልባ አውሮፕላን ሠሩ። እሱንም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ያበረሩት እንደ ካይት በገመድ ይዘው ነው። በ1901 ደግሞ ወደ 6.7 ሜትር አሳደጉት። የክንፉ ስፋት በእጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ውጤቱስ? ካሰቡት በጣም ያነሰ አነሣ፤ አያያዙም አስቸገራቸው።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ብዙ ሰው ቢሆን «እንግዲያው የበለጠ ትልቅ እንሥራ» ይል ነበር። እነሱ ግን ወደ ቤታቸው ተመልሰው ነፋስ የሚነፍስበት ሳጥን ሠሩና መዳፍ በምታክል ትንንሽ ክንፍ ላይ መለካት ጀመሩ። ከመቶ በላይ ዓይነት ቅርጽ ፈተሹ። የ1902ቱ አውሮፕላን በስፋት ከ1901ዱ ብዙም አይበልጥም፤ የሚበልጠው በቅርጹና በአያያዙ ነው። ሞተሩ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በታኅሣሥ 1903 ነው። መጀመሪያ መቆጣጠር፣ ጉልበት በመጨረሻ።

የዛሬው የባሕር ካይትም ያለፈበት መንገድ ይኸው ነው። ብሩኖና ዶሚኒክ ለጌኞ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1984 በአየር የሚነፋና ውኃ ላይ ቢወድቅ ተመልሶ የሚነሣ ካይት በፈጠራ መብት አስመዘገቡ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ስፖርቱ ተስፋፋ። ነገር ግን የዚያን ዘመን ካይቶች ጉልበት መቀነስ የሚቻለው በከፊል ብቻ ነበር። ድንገት ነፋስ ሲበረታ ሰውን አንሥተው ከድንጋይና ከግንብ ጋር አላትመዋል፤ የሞቱም አሉ። በ2005 ገደማ የመጣው ትልቅ ለውጥ ምን መሰላችሁ? የስፋት ለውጥ አይደለም። ባሩን (የመቆጣጠሪያውን ዘንግ) ወደፊት ሲገፉት ጉልበቱ ከሞላ ጎደል የሚጠፋ ካይት ነው የመጣው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ካይት ባይሆንም ያው ጥያቄ ተነሥቷል። ከጦርነቱ በኋላ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የአየር ኃይላችንን ሥልጠና ሲመራ መለማመጃዋ ሳፊር የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ነበረች። ሞተሯ 145 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. ግን እሱ ራሱ ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ድረስ፣ 31 ሰዓት ገደማ፣ ሳያርፍ አብርሯታል። ትንሽ መሣሪያ በሚችለው ሰው እጅ የት እንደሚደርስ አያችሁ? በኋላ ዘመን ቢሾፍቱ ላይ፣ ስሙን ከእኛ በወሰደው ሐረር ሜዳ፣ ሠልጣኞች ከሳፊር በቀጥታ ተዋጊ ጀት ላይ አይወጡም ነበር። ቲ-28 እና ቲ-33 መሐል ላይ ነበሩ፤ ኤፍ-86 እና ኤፍ-5 የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሐረርጌ ሰማይ ላይ ኤፍ-5 ከሚግ-21 ጋር ሲገጥም በከፍተኛ ፍጥነት ሚጉ ይበልጥ ነበር። ሚዛኑን ወደ ኤፍ-5 ካዘነበሉት ነገሮች አንዱ ይህ ደረጃ በደረጃ የመጣ ሥልጠና ነው። ፎን ሮዘን ራሱ በዚያው ጦርነት መግቢያ፣ ሐምሌ 1969 ዓ.ም.፣ በእርዳታ ሥራ ላይ እንዳለ ጎዴ ላይ ተገደለ። አፈሩ ይቅለለው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ክፍል ውስጥ ያስተማርኳችሁን ታስታውሱ ይሆናል። የካይት ጉልበት ከስፋቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከነፋሱ ፍጥነት ጋር ግን በካሬ ያድጋል። ከ3 ወደ 12 ካሬ ሜትር ማለት አራት እጥፍ ነው። ነፋሱ ከ15 ወደ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቢደርስ እሱም አራት እጥፍ ነው። ሁለቱ አንድ ቀን ቢገናኙ 16 እጥፍ! በዚህ ላይ ካይት ሰማዩን አቋርጦ ሲወርድ ራሱ የሚፈጥረው ነፋስ ይጨመርበታል።

ሐረር ላይ ለተለማመደ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየራችን ስስ ነው። የባሕር ጠረፍ አየር ከእኛው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይከብዳል። ስለዚህ በእኩል የነፋስ ፍጥነት እዚህ 3 ካሬ ሜትር የምትስበውን ያህል እዚያ 2.5 ካሬ ሜትር ይስበዋል። እንግዲህ 12 ካሬ ሜትሩ እጅህ ከለመደው ጋር ሲነጻጸር አራት እጥፍ ሳይሆን አምስት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም ማለት ነው።

ታዲያ ቀጣዩ የቱ ይሁን? በየብስ ላይ ለሚጫወት ሰው ከ4 እስከ 5 ካሬ ሜትር፣ ባለአራት ገመድና ባለፍሬን፣ እጀታውን ስትለቀው ካይቱ ጉልበቱን ጥሎ መሬት የሚተኛ። ወደ ውኃ መግባት ለሚፈልግ ደግሞ ባሩ ሲገፋ ጉልበት የሚጥል፣ አደጋ ሲመጣ በአንድ እጅ የሚፈታ መልቀቂያ ያለው። ስፋቱን በኪሎህና በቦታው ነፋስ አሠልጣኝ ይወስንልህ። ያገለገለ ከሆነ ገመዶቹ እኩል መሆናቸውን ለካ፤ መልቀቂያውን መሬት ላይ ሆነህ አሥር ጊዜ ሞክረው። ሄልሜት አትርሳ።

እዚህ ሐረር ሆናችሁ መሞከር ለምትፈልጉም፦ ጀጎል አጠገብ አይሆንም። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ግንብ ከተማን ለመጠበቅ ግሩም ነበር፤ ለካይት ግን ነፋስ ይሰብራል። ከግንብና ከቤት ጀርባ ያለ ነፋስ ይሽከረከራል፤ አንዴ ይጠፋል፣ አንዴ በድንገት ይመታል። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ርቃችሁ ሰፊ ሜዳ ፈልጉ፤ ብቻችሁንም አትሂዱ።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለቄስ ብቻ አይመስለኝም። ካይት ስትመርጡ «ምን ያህል ይጎትታል?» ከማለታችሁ በፊት «በቃህ ስለው ይሰማኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

በዚህ ላይ የምታውቁት ያላችሁ፣ በተለይ በጅቡቲም ሆነ በሌላ ባሕር ዳርቻ የሞከራችሁ፣ ከታች ጨምሩበት። ለልጆቻችሁ ሊገዙ ለሚያስቡም አጋሩላቸው። ሰላም ሁኑልኝ።