«ተቀባይ»፦ የአንድ ስያሜ ሁለት ምንጮች

ስለ ሊምፎሳይቶች መባዛት የሚተረጉም ሰው ነርቭና በሽታ መከላከል በአንድ ገጽ ተጣምረው ሲያገኝ፣ «ሪሴፕተር» የሚለው ቃል ከነርቭ ጥናት በውሰት የመጣ ሊመስለው ይችላል። የቃሉ ታሪክ ግን ከዚህ የተለየ ነው።

በ1900 እ.ኤ.አ. ቃሉን ሥራ ላይ ያዋለው ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊኽ ሲሆን፣ የሰየመበትም የባክቴሪያ መርዝ የሚጣበቅበትን የሕዋስ ክፍል ነበር፤ ዓላማው ሰውነት ፀረ መርዝ እንዴት እንደሚያበጅ ለማስረዳት ነው። በ1905 እንግሊዛዊው ጆን ኒውፖርት ላንግሊ፣ ነርቩ ተቆርጦ የሞተበት የዶሮ ጡንቻ በኒኮቲን ሲኮማተር ተመለከተ። ከዚህም ኒኮቲኑን የሚይዘው ነገር በነርቩ ጫፍ ሳይሆን በጡንቻው ላይ መሆኑን ተረድቶ «ተቀባይ ቁስ» አለው። የሚያስገርመው፣ ቃሉን ያወጣው ኤርሊኽ ራሱ ለመድኃኒቶችም ተቀባይ አለ ብሎ የተቀበለው በ1907 ነው።

ሁለቱ የተገናኙት በአንድ ሕዋስ ላይ ነው። በ1960 ፒተር ኖዌል ከቀይ ቦሎቄ የሚወጣ ንጥረ ነገር ሊምፎሳይቶችን እንደሚያስከፍል አሳየ፤ በ1970 ደግሞ ሐደንና ባልደረቦቹ በሰው ሊምፎሳይት ላይ የአድሬናሊን ተቀባይ መኖሩን አስረዱ። ዛሬ እንደሚታወቀው፣ ቤታ ሁለት የተባለው ተቀባይ አድሬናሊንን ወይም ኖርአድሬናሊንን ሲይዝ በሕዋሱ ውስጥ ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. ይበዛል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የቲ ሊምፎሳይትን መባዛት ይገታል።

በአማርኛ «ተቀባይ» የሚለውን ስያሜ እኛም እንደግፋለን። ችግሩ ከጎኑ የሚቆመው ቃል ነው። «ሕዋሳት» ሲባል መስማትና ማየትን የመሳሰሉት አምስቱ የስሜት ሕዋሳት ቀድመው የሚታሰቡት አንባቢ ብዙ ነው። በመሆኑም «የነርቭ መልእክት ተቀባይ ሕዋስ» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ ሁለት ጊዜ ያሳስታል፤ አንደኛ ሊምፎሳይቱን የስሜት አካል ያስመስለዋል፣ ሁለተኛ ተቀባዩ ሕዋሱ ራሱ እንጂ በላዩ ያለው ፕሮቲን እንዳልሆነ ያስነግራል። «በሊምፎሳይት ላይ ያለ የአድሬናሊን ተቀባይ» ቢረዝምም ትክክል ነው።

«እድገት» የሚለውም ቃል ጥንቃቄ ይሻል። ሊምፎሳይት ሲነቃቃ መጀመሪያ ይገዝፋል፣ ከዚያ ይከፈላል። ስለሆነም ለመጠኑ «መግዘፍ»፣ ለቁጥሩ «መባዛት» እንዲባል እናሳስባለን፤ «ቤታ ሁለት የሊምፎሳይትን እድገት ይገታል» የሚል ዐረፍተ ነገር ያነበበ ሰው፣ ሕዋሱ ሳይገዝፍ ቀረ ወይስ ቁጥሩ ሳይበዛ ቀረ የሚለውን ከዐረፍተ ነገሩ ሊለይ አይችልምና።