ስለ ባይተዋርነትና ስለ ዕድር አመጣጥ

አዳም በገነት ሁሉ ተሰናድቶለት ሳለ ብቻውን መሆኑ መልካም ሆኖ አልተገኘም፤ ረዳት እስኪሰጠው ድረስ ደስታው ሙሉ አልነበረም። ከዚህም የብቸኝነት ችግር ከድህነት በፊት የነበረ መሆኑን እንረዳለን። ስለዚህ ባለጠጎች መንግሥታት በዘመናችን በዚህ ነገር ቢጨነቁ አያስደንቅም። እንግሊዝ በ2010 ዓ.ም. የብቸኝነትን ጉዳይ ለአንድ ሚኒስትር በአደራ ሰጠች፤ ጃፓንም በ2013 ዓ.ም. እንዲሁ አደረገች። የእኛ አባቶች ለዚሁ ችግር ምን መላ እንዳገኙለት መመርመር ደግሞ የእኛ ፈንታ ነው።

በባላገር ሰው ባይተዋር የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነበር። ዘመድ አለ፤ ደቦና ወንፈል አለ፤ በየወሩም በመረጡት ቅዱስ መታሰቢያ ቀን የጽዋ ማኅበር አለ። ማኅበርተኞች በየተራ ዳቦና ጠላ እያዘጋጁ በካህን ቡራኬ ጽዋውን ይቀባበላሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ የቀረ እንደ ሆነ «ምን አገኘው?» ተብሎ ይጠየቃል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። ወታደሩ፣ ነጋዴው፣ አናጢው፣ የቀን ሠራተኛው ዘመዱን እየተወ ከየአገሩ መጣ፤ ጎረቤቱም ብዙ ጊዜ ቋንቋውን ወይም ሃይማኖቱን የማይጋራው ሰው ሆነ። ይህን እንግዳ ከረኃብ ይልቅ የሚያስፈራው «ብሞት ማን ይቀብረኛል? ማንስ ያለቅስልኛል?» የሚል አሳብ ነበረ። ዕድር ከዚህ ፍርሃት ተወለደ። አጀማመሩን ብዙዎች ከጉራጌ ተወላጆች ጋራ ያያይዙታል፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የጠላት ወረራ በኋላ ደግሞ በየሰፈሩ ተስፋፋ። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መረጠ፤ በየወሩ ጥቂት መዋጮ እየሰበሰበ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ገዛ፤ ጥሩምባ ነፊም ቀጠረ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ደንቡ ነው፤ ለቀብር ያልወጣ፣ ለቅሶ ያልደረሰ መቀጫ ይከፍላል። ገንዘብ ብቻውን ኀዘንተኛን እንደማያጽናና አውቀው መገኘትን ግዴታ አደረጉት።

ዛሬ ይህ ደንብ እየተገለበጠ ነው። ለብዙ ሰው ከመምጣት ይልቅ መቀጫውን መክፈል ይቀለዋል፤ መዋጮውንም በስልክ ይልካል። በአንድ ፎቅ የሚኖሩ ጎረቤታሞች በደረጃ ላይ ይተላለፋሉ እንጂ ስም ለስም አይተዋወቁም። እንዲህ ሲሆን ዕድር ሬሳችንን ያውቀዋል፤ እኛን ግን አያውቀንም።

መድኃኒቱ ከዕድር ከራሱ ታሪክ ይገኛል። በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት የኤች አይ ቪ ደዌ በበረታበት ጊዜ በአዲስ አበባ ብዙ ዕድሮች ቀብር ብቻ አይበቃም ብለው ድውዩን በቤቱ መጠየቅ፣ ወላጅ የሞቱበትንም ልጅ መርዳት ጀመሩ። ሙታንን ለመቅበር የተመሠረተው ማኅበር ሕያዋንን መጠበቅ እንደሚችል በዚህ ታወቀ።

እንግዲህ እያንዳንዱ ዕድር በመተዳደሪያው ላይ አንድ አንቀጽ ቢጨምር ብዙ አይከብደውም፤ ይኸውም ከታየ የሰነበተውን ጎረቤት ሄዶ መጠየቅ ነው። ጥሩምባው ከመነፋቱ አስቀድሞ በሩ ይንኳኳ።