የፖም ዘር ሙግት

መቼም የጨነቀው ጠበቃ የማይመዘው ሰበብ የለም። እ.ኤ.አ. በ1845 እንግሊዝ ውስጥ አንዱ የመዘዘው ግን ፖም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ቀን፣ ስላው አጠገብ የምትኖር ሣራ ሃርት የተባለች ሴት ስታቃስት ጎረቤቷ ሰምታ ደረሰች፤ ሴትየዋ ግን ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ከቤቷ ሲወጣ የታየው ጆን ታዌል በባቡር ወደ ለንደን ገሰገሰ። ምን ዋጋ አለው! ያኔ ብርቅ የነበረው ቴሌግራፍ ቀደመውና ተያዘ። ኬሚስትም የሟቿን ሆድ ዕቃ መርምሮ ፕሩሲክ አሲድ፣ ማለትም ሳያናይድ አገኘበት።

ጠበቃው ፊትዝሮይ ኬሊ ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሟቿ ፖም በልታ ነበር፤ የፖም ዘር ደግሞ ይኸው መርዝ አለበት!» ዳኞቹ አልተቀበሉትም። ታዌል ተሰቀለ፤ ከመሰቀሉም በፊት ጥፋቱን አመነ። ለኬሊ የተረፈው «የፖም ዘሩ ኬሊ» የሚል ቅጽል ስም ነው።

እንሳቅበት? ቆይ እስቲ። የፖም ዘር ሲደቅ እውነትም ሳያናይድ ያወጣል። የማንኛችንም ደም ከዚህ መርዝ ጨርሶ የጸዳ አይደለም፤ የአጫሽ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሱፍና ፕላስቲክ ሲቃጠሉም ጭሳቸው ሳያናይድ አለው። እንግዲህ ከተቃጠለ ቤት በወጣ አስከሬን ደም ውስጥ መርዙ ስለተገኘ ብቻ «ሰው ገደለው» ይባላል? አይባልም! ጥያቄው «አለ ወይ?» ሳይሆን «ስንት ነው?» ነው።

ዛሬ ደሙ በተከደነ ጠርሙስ ውስጥ አሲድ ይጨመርበትና የሚወጣው ጋዝ በመሣሪያ ይለካል። በ1 ሊትር ደም ውስጥ ከ0.1 ሚሊግራም በታች ከሆነ የተለመደ ነው፤ ከ3 ሚሊግራም በላይ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገዳይ ነው።

ይሁን እንጂ ቁጥሩም ብቻውን አይታመንም። ደሙ ሲቀመጥ ሳያናይዱ ሊተን ወይም ሊለወጥ ይችላል፤ አስከሬን ሲበሰብስ ደግሞ ያልነበረ ሳያናይድ ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ ደሙ መቼ ተቀዳ? በምን ታሸገ? ምን ያህል ቀዝቃዛ ቦታ ተቀመጠ? ይህን ያልጠየቀ ፍርድ ቤት ገዳዩን ሊለቅ፣ ንጹሑን ሊሰቅል ይችላል። ኬሊ ደንበኛውን ባያድንም ክርክሩ ዛሬም መልስ የሚሻ ነው፤ መልሱም የሚገኘው በጥንቃቄ ከተለካ ደም ነው።