ሸንጎ፣ ፍርድና ምክር ቤት በዋግ አገር

ከጽጽቃ ቆላ እስከ ሰቆጣ ደጋ ዋግ ሹሞች በዘር እየተተካኩ ባስተዳደሩበት ዘመን፣ እንደ እንግሊዝ አገር ከሕዝብ ተመርጦ ከዳኛ ጋር የሚፈርድ ጉባኤ በሕግ ባይጻፍም፣ የፍርድ ነገር የአንድ ሰው ብቻ እንዳይሆን የሚጠብቅ ጥንታዊ ሥርዓት በሀገራችን ነበረ። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አደግድገው «በላ ልበልሃ» እያሉ በአደባባይ ሲሟገቱ፣ በዙሪያው የተቀመጡት ሽማግሎች ሰምተው አሳባቸውን ይሰጡ ነበር። በዙፋን ችሎትም ታናሹ ዳኛ የታላቁን ቃል ፈርቶ እንዳይከተል፣ ፍርድ ከበታቹ ተጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ በንጉሡ ቃል ይፈጸም ነበር። ከዋግ ወጥተው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት ዋግ ሹም ጎበዜም የዚሁ ሥርዓት ወራሽ ነበሩ።

ከፍርድ ወደ ምክር ቤት ስናልፍ፣ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችን ሲያቆም፣ የመምሪያውን አባላት የሚመርጡት መኳንንትና ሹማምንት ነበሩ፤ ሕዝብ እንደራሴውን ራሱ እንዲመርጥ የፈቀደው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ነው። ዛሬ በምክር ቤትም ሆነ በችሎት የምትቀመጡ ሁሉ፣ ታናሹ አስቀድሞ እንዲናገር ያደረገውን የአባቶች ጥበብ አጽንታችሁ ያዙ፤ አሳብ በፍርሃት ከታፈነ ምክርም ፍርድም ከንቱ ነውና።