ቴሌስኮፕ፦ ሩቅ ከማሳየት እስከ ዘመን ማጠፍ

ቴሌስኮፕ ሲባል ሁላችንም የሚመጣብን ከዋክብት የሚታዩበት መሣሪያ ነው። ቃሉ ግን የታሪክ ተማሪንም ይመለከታል፤ እኛን ስደተኞችን ደግሞ በተለይ። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መሣሪያው የተወለደው ከስሙ በፊት ነው። በኔዘርላንድ ይኖር የነበረው መነጽር ሠሪ ሃንስ ሊፐርሄይ በ1608 የፈጠራ መብት ጠየቀበት። ጋሊልዮ በዓመቱ የራሱን ሠራ። ስሙ የወጣው ግን በ1611 ሮም ላይ ለጋሊልዮ ክብር በተደረገ ግብዣ ነው፤ ያወጣውም ዴሚዚያኒ የተባለ ግሪካዊ ምሁር ነበር። «ቴሌ» ሩቅ፣ «ስኮፔይን» ማየት ማለት ነው።

ኋላ ቧንቧው አንዱ ባንዱ ውስጥ እየገባ የሚያጥር ቴሌስኮፕ መጣ፤ ልክ እንደ ሬዲዮናችን አንቴና። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ከዚህ ግስ አወጡ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባቡር ተጋጭቶ አንዱ ፉርጎ በሌላው ውስጥ ሲሰካ «ቴሌስኮፕ ሆነ» ይሉ ነበር።

የታሪክ ሰዎችም ቃሉን ለትውልድ ቆጠራ ወሰዱት። ኢቫንስ ፕሪቻርድ ስለ ኑዌሮች በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የጎሳው ቆጠራ ከ10 እስከ 12 ትውልድ ላይ እንደሚቆም ጽፏል። ዘመን ቢጨመርም ቆጠራው አይረዝምም፤ መሥራቹና የቅርብ አያቶች ይቀራሉ፣ የመካከሎቹ ስሞች ይወድቃሉ። የሰው ልጅ የተገኘበት ዛፍ እንኳ መጽሐፉ ከመጻፉ ጥቂት ዓመታት በፊት ድረስ ቆሞ ነበር ይባላል! ይሄ ውሸት አይደለም። ቆጠራው ማን ከማን እንደሚዛመድ ለማወቅ እንጂ ዓመት ለመቁጠር አልተሠራም።

የአንድ ሰው ትዝታም ይታጠፋል። በ1964 ኔተርና ዋክስበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካውያን ቤት ለማደስ ያወጡትን ወጪ ሲያጠኑ፣ ሰዎች የቆየውን ወጪ ወደ ቅርብ ጊዜ ስበው እንደሚናገሩ አሳዩ። ይህንንም ቴሌስኮፕ ማድረግ አሉት። እንግዲህ ቤት ማደስ እንዲህ ከሆነ፣ በሌሊት አገር ጥሎ መውጣትስ? በቃለ መጠይቅ ላይ አንዱ «ሦስት ዓመቴ ነው» ይላል፣ ፋይሉ አምስት ይላል፤ ጠያቂው ደግሞ ዋሸ ብሎ ይጽፋል። የኛና የእነሱ ዘመን አቆጣጠር ልዩነት ገና ሳይጨመርበት ነው እኮ!

ስለዚህ ተማሪዎቻችንን ከሽማግሌዎች ታሪክ እንዲሰበስቡ ስንልክ፣ መጀመሪያ «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብለው እንዳይጠይቁ እንነግራቸዋለን። «የመጀመሪያ ልጅዎ ተወልዶ ነበር? ድርቁ ከመግባቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ይበሉ። ዓመቱን በኋላ ክፍል ውስጥ አብረን እናወጣዋለን።